ሦስተኛው ደብዳቤ

ሰገነት አዘዘን በስሟ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። «የሚሲዮኗ ጸሐፊ» ከተባለ ግን ልጁን በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተማረ ወላጅ ሁሉ ያውቃታል። ካርድ የምትሞላው፣ ደብዳቤ የምትመታው፣ «ልጅዎ ሦስት ቀን ቀርቷል፣ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ወላጅን መንገድ ላይ የምታስቆመው እሷ ነበረች። እኔ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ስለ ነበርሁ በየሦስት ወሩ ቢሮዋ እየገባሁ መኪናዋን አጸዳለሁ፣ የወረቀት ማባዣውን ጎማ አያለሁ። ከዚህ በታች ካለው በዓይኔ ያየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረውን የነገረችኝ ራሷ ናት።

የዱርቤቴ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ ባሕር ዳር አክስቷ ቤት መጣች፤ ከሚሲዮኑ ሲስተሮች ዘንድ ስምንት ወር ታይፕ ተማረች። እጇ ፈጣን ሆኖ ስላገኙት እዚያው ቀጠሯት። ይህ በ1963 ነው። ያገባችው ሹፌር ነበር፤ በ1971 ሐሙሲት አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሁለት ሴት ልጆች ቀሩላት። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ግቢው ጥግ፣ ከሐይቁ ወገን፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሰጣት፤ ልጆቿም እዚያው ያለ ክፍያ እንዲማሩ ተፈቀደላት። ቤቱም የልጆቹ ትምህርትም ከሥራዋ ጋር የተሰፉ ናቸው። ሥራው ከሄደ ሦስቱም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ይህን ያልያዘ ሰው የቀረው አይገባውም።

ትምህርት ቤቱ በዚያ ዘመን ሁለት ጌታ ነበረው። ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሕንጻው የቤተ ክርስቲያን፣ አመራሩ የሲስተሮቹ። ወላጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ካርድ ይቀበላል፣ ፈርሞ ይሄዳል። አብዮቱ ሲመጣ ትምህርት ቤት በሕዝብ ይተዳደር ተባለና ኮሚቴ ተመረጠ፤ ከወላጆች አራት፣ ከመምህራን ሁለት፣ ከወጣቶች ማኅበር አንድ፣ ሊቀ መንበሩ ከቀበሌ። ዳይሬክተሯ ሲስተር ፅጌ ማርያም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኑ፤ ድምፃቸው ግን ከዘጠኙ አንዱ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ የሚያስጠግኑት እሳቸው፣ መምህር ሲጠፋ የሚያፈላልጉት እሳቸው፤ የሚወስነው ኮሚቴው።

ማኅተሙም ሁለት ሆነ። ክቡ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ከሲስተር መሳቢያ፣ ሞላላው የኮሚቴው ማኅተም ከሊቀ መንበሩ ኮት ኪስ። ለወላጅ የሚሄድ ወረቀት፣ ካርድም ይሁን ደብዳቤ፣ ሁለቱንም ካላገኘ ዋጋ የለውም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ የሚመጡት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ሰኞ የተመታ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ይተኛል። የግማሽ ዓመቱ ካርድ በጥር መውጣት ሲገባው መጋቢት የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ወላጁ ግን የሚሰድበው ሰገነትን ነው።

ቀሪ ተማሪን በተመለከተ ደንብ ወጥቷል። ልጁ አሥር ቀን ሲቀር ለወላጁ አንደኛ ደብዳቤ ይሄዳል፣ ሃያ ሲሞላ ሁለተኛ፣ ሠላሳ ሲሞላ ሦስተኛ። ሦስተኛው በደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ወላጅ ካልቀረበ ተማሪው ከመዝገብ ይሰረዛል። መድረሱ የሚታወቀው በመላላኪያ ደብተሩ ነው፤ ወላጅ ይፈርማል፣ መፈረም የማይችል የግራ አውራ ጣቱን ያትማል። ደንቡን ያረቀቁት ሲስተር ናቸው። ልጅ ወላጁ ሳያውቅ እንዳይባረር ብለው በቅን ነው ያረቀቁት።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። እዚያ ትምህርት ቤት የነበረው አሠራር፣ ተማሪ የሆነ ይቆያል፤ አሥራ ስምንት ሞልቶት ከመዝገብ የተሰረዘ ግን ስሙ ለቀበሌ ይተላለፋል። ቀበሌው የሚሞላው ቁጥር አለው። እንግዲህ ያ የቀሪ መዝገብ፣ ድሮ መምህራን ቡና እየጠጡ የሚሞሉት፣ የሰው ልጅ የሚለይበት መዝገብ ሆነ።

ደብዳቤ የሚያዞሩት ጋሽ ቢያዝን ነበሩ፤ ዘበኛም ተላላኪም። ማንበብ አይችሉም፣ ቤት ግን አይሳሳቱም። ሰገነት «ይሄ ከወፍጮው ጀርባ፣ ይሄ ዓባይ ማዶ ባለ ሰማያዊ በር» ብላ ትነግራቸዋለች፤ ሄደው አስፈርመው ይመጣሉ። ችግሩ በሩ ተዘግቶ ሲገኝ ነው። ዓርብ ደብተሩ ለሊቀ መንበሩ ይቀርባል፤ ባዶ መስመር ካዩ ይቆጣሉ። ሰገነት መፍትሔ አበጀች። ወላጁን ቅዳሜ ገበያ ወይም መንገድ ላይ ታገኝና በቃሏ ትነግረዋለች፤ ከነገረች በኋላ በወላጁ ፋንታ የራሷን አውራ ጣት አትማ መስመሩን ትዘጋለች። «ተነግሮታል እኮ፤ ወረቀቱ ለወረቀት ነው» ትል ነበር። ጋሽ ቢያዝን ያውቃሉ። ከመምህራንም የሚያውቁ ነበሩ። ሥራ የሚያቀላጥፍ ዘዴ ነው፤ ማንም ተጎድቶበት አያውቅም። እኔም በዚያ ዘመን በስንት መሥሪያ ቤት ስንት ዓይነቱን አይቻለሁ።

የ1978 መጋቢት ደረሰ።

ሸረፈዲን የሚባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ። አባቱ ኑርሑሴን ወረታ ላይ ሱቅ አለው፤ እናቱ ሀቢባ ባሕር ዳር ቤቱን ይዛለች። በጥር አባትየው ጉበቱን ታመመ። ልጁ ወረታ ሄዶ ሱቁን ያዘ። አንደኛው ደብዳቤ ሲደርሳት ሀቢባ አትማ ተቀበለች፣ መጥታም «አባቱ ታሟል፣ ጥቂት ታገሡን» አለች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው መጋቢት 5 ዓርብ ሁለቱ ማኅተም አረፈበት፤ ሰኞ ጋሽ ቢያዝን ይዘውት ሄዱ፤ ይዘውት ተመለሱ። በሩ ተቆልፏል። ሀቢባ ባሏን ልታስታምም እሷም ወረታ ሄዳለች።

ያ ሳምንት የካርድ ሳምንት ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ይባዛል፣ ስቴንስሉ፣ የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ሁለት ጊዜ ተቀደደ፣ ሁለተኛውን እኔው ነኝ የለጠፍሁት። ሐሙስ ማታ ሊዘጋ ሲል ሰገነት የመላላኪያ ደብተሩን ገለጠች፤ ባዶው መስመር አንድ ብቻ ነው። ነገ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ሀቢባን ገበያ አገኛታለሁ ብላ አሰበች። ቀለሙን ነክታ አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ ቀኑን «11/7/78» ብላ ጻፈች። ደብዳቤውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ከወትሮው የለየው ይህ ነው። ሁልጊዜ ነግራ ነው የምታትመው፤ ያን ቀን ሳትነግር አተመች።

ቅዳሜ ሀቢባ ገበያ አልመጣችም። ሰኞ ካርድ፣ ማክሰኞ ካርድ፤ ነገሩ ከሰገነት ጭንቅላት ወጣ። መጋቢት 19 ዓርብ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰባት ቀኑ አልፏል። ሊቀ መንበሩ ደብተሩን አይተው ለመሰረዝ የሚቀርቡ ሦስት ስሞች ያዙ፤ አንዱ ሸረፈዲን። ውሳኔው በሚቀጥለው ዓርብ ይጸድቃል። ዝርዝሩን የመታችው ሰገነት ናት። ስሙ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ከአጠገቧ ቆመው ነበርና መታችው።

ረቡዕ ጧት ሀቢባ መጣች። ገና የመንገዱን አቧራ ከሻሿ አላራገፈችም።

«እትዬ ሰገነት፣ ምን በደልሁሽ?» አለች ከበሩ።

«ግቢ፣ ሀቢባ። ኑርሑሴን እንዴት ሆነ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። እሱ ሲነሣ እናንተ ልጁን ልትጥሉት ነው። ትላንት ሊማር ቢመጣ ‹ልትሰረዝ ነው› አሉት። ደብዳቤ ደርሷት አትማለች ይላሉ። ወላሂ አላየሁም! ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ወረታ ነኝ። ጣቴ ረዝሞ ነው ከወረታ እዚህ የታተመው?»

ሰገነት መኪናው ላይ ያለውን ወረቀት አወጣች፣ መልሳ አስገባች። «ዓርብ ኮሚቴ አለ። ቀርበሽ ተናገሪ።»

«አንቺ ካለሽ አልፈራም። ዘጠነኛ ክፍል ሳስመዘግበው እጄን ይዘሽ እንዴት እንደሚታተም ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ? የኔን ጣት ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ሀቢባ ስትወጣ ጋሽ ቢያዝን ገቡ። በሩን ዘጉት፤ እሳቸው በር ዘግተው አያውቁም።

«ሰገን፣ ምን ልትይ ነው?»

«አላውቅም ጋሽ ቢያዝን።»

«ዝም በይ። እኔ ሰጥቻታለሁ እላለሁ። እኔን ሽማግሌውን ምን ያደርጉኛል? ጥርሴን አይነቅሉት፣ አልቋል።»

«ሰጥቻታለሁ ካሉ ልጁ ሄደ።»

«አልሰጠኋትም ካልሁ አንቺ ሄድሽ።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉት። «እንግዲያ እኔ ምን ልበል? ምላሴን ዓባይ ልጣለው?»

ሐሙስ ጧት ለሲስተር ነገረቻቸው። ሲስተር ፅጌ ማርያም የዓዲግራት ሰው ናቸው፤ ሲናደዱ አማርኛቸው ይቆራረጣል። ያን ቀን አልተናደዱም። ደብተሩን አስመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስንቱ ያንቺ ነው?»

«አልቆጠርሁትም ሲስተር።»

«ቁጠሪው።»

ቆጠረች። በሦስት ዓመት አሥራ ሰባት። ሲስተር ደብተሩን ዘጉት።

«ክቡን ማኅተም ከኛ ሊወስዱ ምክንያት ነው የሚፈልጉ» አሉ። «አሥራ ሰባት ሰጠናቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዋሺ አልልሽም፣ አልችልም። ተናገሪ ብዬም አላዝሽም፤ ልጆች አሉሽ። ኮሚቴው ካባረረሽ ቤቱ ለሚተካሽ ሰው ነው። ማስቀረት አልችልም። ከአሁኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሰገነት ከምንም በላይ የተናደደችው በዚህ ነበር። እንዲዋሹላት አልጠበቀችም፤ ግን ዋሺም አላሉ፣ ተናገሪም አላሉ። «እርስዎ ቤተ መቅደስ ገብተው ይጸልያሉ፣ እኔ ወዴት ልግባ?» ብላቸው ወጣች።

ከዚያ መውጫውን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከረችው። ቅጠሉን ብቀደው? የደብተሩ ገጾች ቁጥር አላቸው፣ ቁጥሩን የጻፈችው ራሷ ናት። ደብዳቤውን ዛሬ ወስጄ ለሀቢባ ብሰጣት? ቀኑ ያለፈ ነው። ሥራ ብለቅ? ደብተሩ ይቀራል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ልጁም ይሄዳል። ለሀቢባ እውነቱን ብነግራትና እንድትለምንልኝ ባደርግ? ለምና ምን ታመጣለች። በየት በኩል ብትዞር ያ ሰማያዊ ጣት ፊቷ አለ።

ምሳ ሰዓት ትልቋ ልጇ አደይ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ወጡን ሳታጣጥም ተናገረች፦ «ሸረፈዲን ዛሬ ክፍል አልገባም። አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ሊይዙት ነው እያሉ ነው፤ እውነት ነው፣ እማ?»

«ብይ» አለቻት።

ዓርብ ከሰዓት ኮሚቴው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ። ባለ ጉዳይ ወላጆች ግድግዳውን ይዘው አግዳሚ ላይ፤ ሰገነት ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አንዳርጋቸው ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ግማሹን ወላጅ በወገቡ ልክ ያውቁታል። ስብሰባ ሲከፍቱ ሁልጊዜ የሚሏት ቀልድ አለች፤ ያን ዕለትም አሏት። «ሚሲዮን ድሮ ሪፖርት የምታቀርበው ለእግዜር ብቻ ነበር። አሁን ለሕዝብ ነው። እግዜር ይታገሣል፣ ሕዝብ አይታገሥም!» የሳቀ ሳቀ።

ሀቢባ ተነሣች። ያለችውን ሁሉ አለች፤ የባሏን ሕመም፣ ወረታ የቆየችበትን፣ ደብዳቤ አለማየቷን። ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ገለጡ።

«ቢያዝን፣ ይህን ደብዳቤ ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ።»

«ለማን ሰጠህ?»

«ለቤቱ።»

«ቤት ጣት አለው?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

«እሺ፣ እኛ አንከራከርም» አሉ ሊቀ መንበሩ። «የቀለም ሳጥኑን አምጡ። እናት፣ ነይ ከጎኑ አትሚ።»

ሀቢባ ጣቷን ነክራ አተመች። ደብተሩ ጠረጴዛውን ዞረ። አንዱ አራቀው፣ አንዱ አቀረበው፤ የሒሳብ መምህሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። ማን ምን ያውቃል፤ ጣት ጣት ይመስላል።

«ይህም መስመር መስመር ነው፣ ያም መስመር መስመር ነው» አለ የወጣቶች ተወካዩ።

«አንድ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ጻፊ፣ ጓድ ሰገነት። አሻራው ተመሳሳይ ሆኖ ስለ ተገኘ የወላጅዋ አቤቱታ ውድቅ ተደርጓል።»

ሰገነት «አሻራው» ብላ ጻፈች። ሀቢባ አልተቀመጠችም። አላለቀሰችም። ዓይኗን ሰገነት ላይ ተክላ፣ «እትዬ ሰገነት፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!» አለች። «እነሱስ አያውቁኝም።»

ሰገነት በኋላ ስትነግረኝ፣ ጀግንነት አልነበረም፣ የሚቀጥለውን ቃል እጄ እምቢ አለኝ ነው ያለችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። የቀለም ሳጥኑን ሳበች። የግራ አውራ ጣቷን ነክራ ከሁለቱ አሻራ ሥር አሳረፈችው።

«ሦስተኛም ይኸው። ከነዚህ ጋር አስተያዩት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የመጋቢት አሥራ አንዱ የኔ ነው። ቤት ስላልነበረች እኔ አተምሁላት። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ አለ።»

ሄዳ አመጣችው። እንደ ታሸገ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ሊቀ መንበሩ ፊታቸው ጠቆረ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲስተር ፅጌ ማርያም ቀደሟቸው። በስብሰባው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

«ደንቡ ‹በደረሰ በሰባት ቀን› ይላል። አልደረሰም። ዛሬ እናድርሰው።»

ደብዳቤውን ከሰገነት እጅ ወሰዱ፣ ለሀቢባ ሰጧት፣ አሳተሟት፣ ቀኑን በራሳቸው እጅ 26/7/78 ብለው ጻፉ። «ሰባት ቀን ውስጥ ወላጅ ቀርባለች። ይኸው ቆማለች። ድምፅ ይሰጥ።» አራቱ ወላጆች እጃቸውን አነሡ፤ የሒሳብ መምህሩም አነሣ፤ ሲስተርም። በቃ፣ ስድስት ሆነ። ሸረፈዲን ሰኞ ክፍል እንዲገባ ተወሰነ።

ሀቢባ ስትወጣ ሰገነት አጠገብ ቆመች። ሰገነት ምስጋና ጠብቃ ከሆነ አላገኘችም።

«እጄን ያስያዝሁሽ ሰው ነበርሽ» አለቻት፤ ሄደች።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሊቀ መንበሩ «አንቺ ቆይ» አሉ። ሲስተርም ሊቆዩ ፈልገው ነበር፤ «የኮሚቴ ጉዳይ አልቋል፣ ሲስተር» ተባሉ። ጓድ አንዳርጋቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸውን አላነሡም።

«ሐሰተኛ ሰነድ ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ማወቅ ግን አያቅተኝም።» ገጹ ላይ እፍ እፍ አሉበት፣ ቀለሙ እንዲደርቅ። «አሥራ ሁለት ሰው አምጣ ተብያለሁ፣ ሰገነት። ዘጠኝ አለኝ። ዛሬ አሥር ነበር፣ አንቺ ዘጠኝ አደረግሽው። ከየት ልሙላው? እኔ ልሂድ? ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ አያይም። ይወስዱኛል መሰለሽ? ሌላ ቦታ ይወስዱኛል።»

እሷ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ልጁ በይቅርታ ተመለሰ ብለሽ ጻፊ። የጣትሽን ነገር አትጻፊ። የሰማ ሰምቷል፣ ያልተጻፈ ግን አይከሰስበትም። ደብተሩ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ሰኞ አዲስ ክፈቺ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራሽማ አለ» አሉ፤ እውነትም የገረማቸው ይመስላሉ። «ማን ነካሽ?»

ደብተሩን ከኮታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ሰገነት ነገሩ የገባት እዚያው ቁጭ እንዳለች ነው። ብትባረር ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ ቀጥሎ ቤቱን አሰበችና ያሰበችውን ተወችው።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት፣ ሊቀ መንበሩ ረቡዕ ቀን መጡ። ዓርብ ሳይሆን ረቡዕ። አራት ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። አራቱም አሥራ ስምንት ያለፋቸው፣ አራቱም አሥር አሥራ አምስት ቀን የቀሩ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደብዳቤ ይመታ፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይሁን፣ አዲሱ ደብተርም ይሞላ። ለዓርብ ይድረስ።

«የሲስተር ማኅተምስ?» አለች።

«ሲስተር እምቢ ካሉ የድሮው ደብተር ይከፈታል። ንገሪያቸው። አሻራውን እንደሆን አንቺ ታውቂበታለሽ።»

በማግሥቱ እኔ ተጠራሁ። መኪናዋ ተበላሽቷል ተባለ። ከፈትሁት፤ ምንም አልሆነም። ቀበቶው ደህና፣ ሞላው ደህና፣ ሪባኑም አዲስ።

«ምኑ ነው የተበላሸ?» አልኋት።

«እስከ ሰኞ ድረስ ተበላሽቷል» አለች ዓይኔን ሳታይ። «ወደ ሱቅህ ውሰደው። ለጥገና ወስጃለሁ ብለህ ፈርም።»

ፈረምሁ፤ ተሸክሜው ሄድሁ። ሌላ አልጠየቅኋትም፤ ያን ጊዜ መጠየቅ ማወቅ ነው፣ ማወቅ ደግሞ ሸክም ነው። ዓርብ ሊቀ መንበሩ መጥተው ተቆጡ፤ ጋሽ ቢያዝንን ሱቄ ድረስ ልከው አጣሩ። የፈታሁትን መኪና ብረቱ ተበትኖ እንዳለ አሳየኋቸው። «ሰኞ» አልሁ።

በነዚያ ቀናት ሰገነት ከሥራ እየወጣች ቤት ለቤት ዞረች። አንዱ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ አንዱ ከገበያው በላይ፣ አንዱ ዓባይ ማዶ፤ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ። በሦስቱም ቤት ያለችው አንድ ነው፦ «ሰኞ ጧት ልጅሽ ክፍል ይገኝ። ቢያተኩሰውም ይገኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን እንዳይቀር። ማን ነገረሽ ቢሉሽ አላየሽኝም።» ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር በግማሽ ቃል ይረዳል።

አራተኛው የዱርቤቴ ልጅ ነበር፣ የራሷ አገር ሰው። ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ነው የሚማረው፤ ያን ሰሞን ለእርሻ ሥራ እናቱ ዘንድ ሄዷል። ዱርቤቴ ደርሶ መመለስ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሊቀ መንበሩ የወላጆች ቀን ዝግጅት ብለው ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ አዋሉት። ለአንድ የአውቶቡስ ረዳት መልእክት ሰጠችው። እሑድ ራሷ ልትሄድ መናኸሪያ ወጣች፤ አውቶቡስ አልነበረም። እስከ አምስት ሰዓት ቆማ ተመለሰች።

ሰኞ መኪናዋን መለስሁላት። ሦስቱ ልጆች ክፍል ተገኙ፤ የተገኘን ተማሪ በቀሪ መሰረዝ አይቻልም፤ መምህራኑም ስም ጠርተው አይተዋቸዋል። ሊቀ መንበሩ ክፍል በክፍል ዞረው አረጋገጡና ቢሮዋ ተመለሱ።

«ጎበዝ ነሽ» አሏት። «አንዱን ምቺ።»

መታችው። ሦስቱንም ደብዳቤ በአንድ ጧት፣ ቀናቸውን በሦስት የተለያየ ወር አድርጋ። ሲስተር የሊቀ መንበሩን ዛቻ ከሰገነት ሰምተዋል፤ ክቡን ማኅተም አውጥተው ብዙ ጊዜ በእጃቸው ያዙት። «የቀሩት ሦስቱ?» ብለው ጠየቁ። «ክፍል ናቸው» አለች። መቱት። ደብተሩንም ሰገነት ሞላችው።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ካርድ ሲሰጥ የልጁ እናት ከዱርቤቴ መጣች። ወለተ ኪዳን ትባላለች። ልጇ ወደ ማሠልጠኛ ከተወሰደ ወር አልፎታል፤ የመጣችው ለካርዱ ነው። ሌላው ወላጅ እየተቀበለ ሲወጣ እሷ መጨረሻ ቆየች። ሰገነት ካርዱን አውጥታ ሰጠቻት። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ሙሉ ነው፤ ከክፍሉ ሰባተኛ። ሁለተኛው ባዶ፣ ከሥሩ በቀይ «ተሰርዟል»።

«ምን ይላል?» አለች ወለተ ኪዳን፤ ጣቷን ቀዩ ላይ አድርጋ።

«አላለቀም ነው የሚል።»

«ሲመለስ ከየት ይጀምራል?»

«ከአሥራ አንደኛ። ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚደግም።»

«ቦታው ይጠበቅለታላ?»

«ይጠበቅለታል» አለች ሰገነት።

ሴትዮዋ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቋጠረችው፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ያስረዳን ነበር» ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ሰገነት አላስነካቻትም። እስከ በሩ ሸኘቻት፣ የዱርቤቴ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ነገረቻት፤ ተመልሳ ሊቀ መንበሩ ያስቀመጡትን የሚቀጥለውን ዝርዝር መኪናው ላይ አስገባች።